ማንም ያልነካካው ፎቶ እንዴት ያሳምነናል?

የሐዋሳ ሐይቅ ፎቶ ፌስቡክ ላይ በተለጠፈ ቁጥር አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ አይጠፋም። አንዱ ውሃው ወርቅ የመሰለበትን፣ ጀልባ የተንሳፈፈበትን ፎቶ ይለጥፋል። ሌላው ከዚያው ዳርቻ የተነሳ፣ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ የሞላበት ፎቶ ይዞ ከች ይላል። ከዚያ «ኤዲት ነው!»፣ «ያንተ ነው ኤዲት!» ሲባባሉ ይዋላል።

ብዙ ጊዜ ሁለቱም ኤዲት አይደሉም። እንዲያውም ሁለቱ ሰዎች የቆሙት አንድ ቦታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ስልኩን ቀና አድርጎ ይዟል፣ ሌላው ወደ እግሩ ዝቅ አድርጓል። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለ ፎቶሾፕና ስለ ኤአይ ብዙ ይወራል፣ መወራቱም ተገቢ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማንም ያልነካካው ፎቶ ነው። የተቀየረ ምስል አንዴ ከተነቃበት አበቃለት። ያልተቀየረውን ግን ውሸት ነው ልትሉት አትችሉም። ሆኖም እሱም ወገን ይዟል። ማን ጎልቶ ወጣ? ማን አነሰ? ከየት በኩል ታየ? ምን ተቆርጦ ቀረ? ዓይናችን መጀመሪያ የት እንዲያርፍ ተደረገ? የዚህ ሁሉ ድምር ቅንብር ይባላል። ቅንብር ያለ ቃል የሚቀርብ ክርክር ነው። ቃል ስለሌለው ደግሞ መከራከሩን ራሱ ሳናውቅ እንረታለን።

ከዓይን እንነሳ። ምስል ስናይ ሁሉንም ባንዴ ያየን ይመስለናል። ዓይናችን ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይዘላል። አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ሌላ ላይ ያርፋል። አጥርተን የምናየው ያረፈበትን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። አልፍሬድ ያርቡስ የሚባል የሶቪየት ተመራማሪ ይህን በመሣሪያ እየመዘገበ አጥንቶታል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ለተመልካች ያሳየው የሩሲያዊውን ሰዓሊ የኢልያ ሬፒንን ሥዕል ነበር። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ሳይታሰብ ወደ ቤት ይገባል፣ ቤተሰቡም ደንግጦ ያየዋል። የተመልካቹ ዓይን ወለሉንና ግድግዳውን እየዘለለ ፊቶቹ ላይ ይመላለስ ነበር። ያርቡስ ጥያቄ ሲጨምርበት ግን መንገዱ ተቀየረ። የቤተሰቡ ኑሮ እንዴት እንደሆነ ገምት ሲባል ዓይኑ ልብሱንና የቤት ዕቃውን ፈለገ። ዕድሜያቸውን ገምት ሲባል ፊታቸው ላይ ተተከለ።

ጋዜጣ ላይ ከፎቶ ሥር የምትጻፈው አንዲት መስመር ጉልበቷ እዚህ ላይ ነው። አንድ የገበያ ፎቶ ወስዳችሁ «የኑሮ ውድነት በሐዋሳ» ብላችሁ ጻፉበት። አንባቢው የሴትየዋን የነተበ ጫማ ያገኘዋል። «የበዓል ዋዜማ ድምቀት» በሉት፣ ያው አንባቢ ፈገግታዋን ያገኛል። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ደግሞ ጽሑፍም ሳያስፈልገው በቅንብር ብቻ ይህንኑ ይሠራል። ብርሃን ያረፈበት ነገር፣ ከጀርባው በቀለም የተለየ ነገር፣ ዙሪያው ባዶ የተተወለት ነገር፣ መንገዱም አጥሩም ወደ እሱ የሚያመራ ነገር «እኔን እይ» ይላል። ፊት ካለ ግን ሁሉንም ያሸንፋል። ያ ፊት ወደ ጎን ካየ ደግሞ እኛም አብረን እናያለን። መንገድ ላይ አንዱ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ እኛም ሳናስብ አንጋጠን እንደምንቀረው ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ በጠዋት ሄዳችሁ ከሆነ ነገሩን በአንድ ሰው ላሳያችሁ። ጀልባዎች ገብተዋል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከመረብ ይለቀማል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ መረብ ይጠግናል።

መጀመሪያ ዳርቻው ላይ እንደቆማችሁ ወደ ታች አንሱት። አናቱ ይታያል፣ ትከሻው ይታያል፣ ፊቱ ግን በኮፍያው ጥላ ተሸፍኗል። ዙሪያው ጭቃና የዓሣ ሆድ ዕቃ ነው። ሰውየው ትንሽ ነው፣ መሬቱ ውጦታል። ይህ ፎቶ «ኑሮ ከባድ ነው» ይላል።

አሁን ቁጢጥ በሉ። ስልኩን ወደ ውሃው ወለል አውርዱት። ያው ሰው ከማዶ ካሉት ኮረብቶች በላይ ብቅ ይላል። የጀልባው አፍንጫ ወደናንተ ተቀስሯል። ከራሱ በስተጀርባ ሰማይ እንጂ ጭቃ የለም። ይህኛው የጀልባው ጌታ ነው።

ሦስተኛው ላይ ጠጋ ብላችሁ እጁን ብቻ ያዙ። የሻከሩ ጣቶች፣ ናይለን ክር፣ አውራ ጣቱ ላይ የተጣበቀ የዓሣ ቅርፊት። ሙያው ከዚህ በላይ አይታይም። ሰውየው ግን የለም፣ የማንም እጅ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ አንድ አባ ኮዳ ከፊት አስቀድማችሁ ሰውየውን ከኋላ አደብዝዙት። ይህ የቱሪዝም ብሮሹር ነው። ወፏ ባለ ታሪክ ሆነች፣ እሱ ጌጥ ሆነ።

አራቱም እውነት ናቸው፣ አራቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተነሱ ናቸው። ሰውየው ግን አራት ሰው ሆኗል። (አስፈቅዳችሁ አንሱት እንግዲህ። ካነሳችሁት በኋላም አሳዩት። የትኛው እኔን ይመስላል እንደሚል መስማት ራሱ ትምህርት ነው።)

ከመቆሚያው ቀጥሎ ትልቁ ነገር መቁረጥ ነው። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ዳቮስ ላይ አምስት ወጣት የአየር ንብረት ተሟጋቾች አብረው ፎቶ ተነሱ። ስዊድናዊቷ ግሬታ ተንበርግ አለችበት። ዩጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ ጠርዝ ላይ ቆማለች። አሶሺዬትድ ፕሬስ ባሰራጨው ፎቶ ላይ ግን የታዩት አራቱ ነጮች ብቻ ነበሩ። ናካቴ ተቆርጣለች። የዜና ወኪሉ መጀመሪያ የሰጠው ምክንያት የቅንብር ነበር፦ ከጀርባዋ ያለው ሕንፃ ዓይን ስለሚሰርቅ ነው የተቆረጠው አለ። እሷ የሰረዛችሁት አንድ ፎቶ ብቻ አይደለም፣ አህጉር ነው አለቻቸው። ድርጅቱም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

እኔ ምክንያቱን አምነዋለሁ። ሕንፃው በእርግጥ ፎቶውን ያበላሸው ይሆናል። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ፎቶ አንሺው ስለ ሕንፃ እያሰበ የቆረጠው መስመር፣ ተመልካቹ ዘንድ ሲደርስ ስለ አፍሪካ የተነገረ ነገር ሆነ። ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ሁልጊዜ ለመቀስ ቅርብ ነው። ስለዚህ ከመቁረጡም በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ጠርዝ ላይ ያቆማት ማን ነው?

መቁረጥን ከተውነው ሊሆን የሚችለውን ደግሞ ከራሳችን ታሪክ እንየው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ ምሽት ከቀሩት ፎቶዎች አንዱን ከጉልበት በላይ ብትቆርጡት የሚቀረው ቁጥር 11 የለጠፈ ቀጭን ሯጭ ነው። ጥሩ የስፖርት ፎቶ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። እግሩን መልሱት። ባዶ እግሩ አስፋልቱ ላይ ሲታይ ፎቶው ሌላ ፎቶ ይሆናል። ከኋላው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ከገባ ደግሞ ያለ አንድ ቃል ብዙ ይነገራል። ቅስቱ የተሠራው ለሮማ ንጉሠ ነገሥት ድል ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከወረረች ገና 25 ዓመቷ ነው። ባለ ባዶ እግሩ ኢትዮጵያዊ በዚያ ድል ሐውልት ሥር አንደኛ ይወጣል። ከታች አንድ ጣት ያህል ወረቀት ቢጎድል ይህ ሁሉ አብሮ ይጎድላል።

ወደ ካሜራ የሮጥኩት ለምሳሌ ስለሚመች ነው እንጂ፣ እኛ ይህን ጥበብ ከካሜራ በፊት ጠንቅቀን እናውቀዋለን። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ልብ ብላችሁ እዩ። ጻድቃን ሁለት ዓይን አላቸው። ፊት ለፊት ወይም ትንሽ ዘወር ብለው ያዩናል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ የሰማዕታቱ አሳዳጆች ግን ከጎን ይሳላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ። ሁሉም ሰዓሊ ሁልጊዜ ጠብቆታል ማለት አይደለም። ግን ማንበብ የማይችል ምእመን ከበሩ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ ይለይ ነበር። መጠኑም ይናገራል። እመቤታችን ትልቅ ሆና መሐል ላይ ትቀመጣለች። ሥዕሉን ያሠራው ሰው፣ ባለጸጋም ይሁን መኮንን፣ ከእግሯ ሥር ተደፍቶ በጣም አንሶ ይታያል። ርቀት አይደለም ያሳነሰው፣ ማዕረግ ነው።

ለምን ይሠራል? በሁለት ዓይኑ ከሚያየን ሰው ጋር ግንኙነት አለን። ያየናል፣ እናየዋለን፣ ትንሽም እናፍራለን። ከጎን የተሳለውን ግን እኛ እናየዋለን እንጂ እሱ አያየንም። እንዳሻችሁ ልትፈርዱበት ትችላላችሁ።

ይህ ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ዓድዋ ድረስ ዘምቷል። የዓድዋን ጦርነት ከሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች ብዙዎቹን አስታውሱ። የእኛ ሠራዊት በግራ፣ የጣሊያን በቀኝ። ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ። ምኒልክ ዣንጥላቸው ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ ላይ። የእኛዎቹ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ጣሊያኖቹ ግን ተደርድረው ከጎን ናቸው። ሰዓሊው «ጠላት» ብሎ መጻፍ አላስፈለገውም። ግራና ቀኙም ከንቱ አይደለም። የእኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ዓይናችንም በዚያው ይሄዳል። ከግራ የሚመጣው ሠራዊት ከዓይናችን ጋር አብሮ ይገሰግሳል። ከቀኝ ያለው ይመከታል። አረብኛ እያነበበ ያደገ ሰው ምስሉን በተገላቢጦሽ ሊያየው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሥዕሉ ላይ በሁለት ዓይናቸው የሚያዩን ምኒልክ፣ በራሳቸው የብር ሳንቲም ላይ ከጎን ናቸው። ብሩ የተቀረጸው ፓሪስ ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የነገሥታት መልክ በሳንቲም ላይ በአብዛኛው ከጎን ነው የሚቀረጸው። ስለዚህ ከጎን መታየት በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ልማድ ነው ትርጉም የሰጠው። ይህን መለየት ይጠቅማል። አንዳንዱ የቅንብር ጉልበት ከሰውነታችን የመጣ ነው። ሕፃን ሆነን ሁሉንም ትልቅ ሰው ወደ ላይ አንጋጠን ስላየን፣ ከታች የተነሳ ሰው ይገዝፍብናል። ሌላው ግን ከአገርና ከልማድ ይመጣል። አዲስ አበባ የሠራ ፖስተር ሌላ አገር ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

ከላይ ወደ ታች ስለማንሳት ከተነሳ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን አንግል ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጣው ምስል በማይክል በርክ ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። ዓለም ደነገጠ፣ ዕርዳታ ጎረፈ። ያ ምስል ሕይወት አድኗል። ከዚያ ሌላ ማለት ነውር ነው።

ከእሱ በኋላ ለዓመታት የመጡት የዕርዳታ ፖስተሮች ግን አንድ መልክ ያዙ። አንድ ሕፃን። ብቻውን። ከላይ የተነሳ። ዓይኑ ትልቅ ሆኖ ቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል። ጀርባው ባዶ ነው ወይም ደብዝዟል። ቅንብሩን ቃል በቃል አንብቡት። ከላይ የሚያየው እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ትልቁ እናንተ ናችሁ። ወደናንተ ያያል፣ ስለዚህ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ሌላ ሰው የለም፣ ስለዚህ ከናንተ በቀር ማንም የለውም። ከፍሬሙ ውጭ ግን እናቱ አለች። እናቱ ልብሱን ይዛ ቆማ ይሆናል። ከእናቱ ኋላ ደግሞ ያላትን ያካፈለች ጎረቤት፣ ጦርነቱ፣ የተዘጋው መንገድ፣ እህል ያልደረሰበት ምክንያት ሁሉ አለ። እነዚህ ቢገቡ ኖሮ ተመልካቹ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሲወጡ ግን የሚቀረው «ስንት ልስጥ?» ብቻ ነው። የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ራሳቸው ነገሩ ስለከነከናቸው በ1989 እ.ኤ.አ. በምስልና በመልእክት አጠቃቀም ላይ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ሰዎችን ምስኪን አድርጎ ከማሳየት ይልቅ ለራሳቸው የሚሠሩ ሆነው እንዲታዩ የሚል ነው።

አሁን ደግሞ እኛው በእኛው ላይ ጀምረናል። ቴሌግራም ላይ ለሕክምና ገንዘብ የሚሰበሰብባቸውን ፖስተሮች እዩ። ታማሚው አልጋ ላይ፣ ቱቦ ተሰክቶለት፣ ከላይ የተነሳ። ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ አልክድም። ግን ሰውየው ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስ ያ ፎቶ ስሙን ይዞት ይዞራል። እኔ ብሆን ከመታመሙ በፊት ሱቁ ውስጥ ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን የተነሳውን ትልቅ አድርጌ፣ የሐኪሙን ወረቀት ከጎኑ አደርግ ነበር። «ይህ ሰው ወደዚህ ይመለስ» ማለት ከ«እዘኑለት» ያነሰ አያሳምንም ብዬ አምናለሁ።

ካነበብኳቸው ጥናቶች ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የፖሊስ ምርመራን የሚመለከተው ነው። ዳንኤል ላሲተር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ደጋግሞ ፈትሾታል። አንድ ሰው ወንጀል ሲናዘዝ በቪዲዮ ይቀረጻል። ቃሉ አንድ፣ ድምፁ አንድ። የሚለያየው ካሜራው የተቀመጠበት ቦታ ነው። አንዱ ካሜራ ተጠርጣሪውን ብቻ ያሳያል። ሌላው መርማሪውን። ሦስተኛው ሁለቱንም ከጎን እኩል ያሳያል። ተጠርጣሪውን ብቻ ያዩ ተመልካቾች «በራሱ ፈቃድ ነው የተናዘዘው» ወደ ማለት አደሉ። ሁለቱንም እኩል ያዩት ግን ጫናውንም አዩት። ዳኞችና ፖሊሶች ላይ ሲሞከርም ያው አድልዎ ታየ። ኒውዚላንድ ውስጥ ካሜራው ሁለቱንም እኩል እንዲያሳይ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፊት ለፊታችን ጎልቶ የሚታየውን ሰው የነገሩ ሁሉ መነሻ አድርገን እንቆጥረዋለን። የማይታየው ሰው ምንም ያደረገ አይመስለንም።

ይህን የባጃጅ ጭቅጭቅ ቪዲዮ ላይ ሞክሩት። ተሳፋሪው ከኋላ ወንበር ሆኖ ስልኩን ያነሳል። ሹፌሩ ዘወር ብሎ ይጮኻል፣ ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶታል፣ የግንባሩ ሥር ተገትሯል። «ባለጌ ሹፌር» ተብሎ ይለጠፋል፣ ሺህ ሰው ይሰድበዋል። ባለጌ ሊሆንም ይችላል። ግን ስልኩን የያዘው ሰው ፍሬም ውስጥ የለም። ቪዲዮው ከመጀመሩ በፊት ምን ብሎት ነበር? እጁስ ምን ይሠራል? ሹፌሩ ስልክ አውጥቶ ቢሆን ኖሮ ባለጌው ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ርቀትም ያታልላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲከበር ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ከሩቅ ሆናችሁ በትልቅ ዙም ብታነሱት፣ ከፊትና ከኋላ ያለው ሰው ተጣብቆ መርፌ መጣያ የሌለ ይመስላል። ያንኑ ሕዝብ ከጎኑ ከፍ ካለ ቦታ ብታነሱት በመካከሉ ያለው ክፍት ቦታ ሁሉ ይታያል። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ.፣ በኮሮና ጊዜ፣ የዴንማርክ ፎቶ አንሺዎች ሰው የሚበዛባቸውን ቦታዎች እንዲህ በሁለት ዓይነት አንስተው ጎን ለጎን አሳይተዋል። በአንዱ ሰዉ ተፋፍጓል፣ በሌላው ርቀቱን ጠብቋል። የስብሰባም የሰልፍም ፎቶ ስታዩ «ከየት ነው የተነሳው?» ሳትሉ ቁጥር አትገምቱ።

ተቃራኒው የደላላ ፎቶ ነው። የስልኩን ካሜራ አስፍቶ በሚያሳየው 0.5 ላይ አድርጎ ከክፍሉ ጥግ ሲያነሳው ሦስት በሦስቷ ክፍል አዳራሽ ትሆናለች። ሄዳችሁ ስታዩት አልጋ ካስገባችሁ በር አይከፈትም። ሴልፊም ከዚሁ ወገን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ስሌት፣ ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ የተነሳ ሴልፊ አፍንጫን ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል እንደሚያሰፋው አሳይቷል። አፍንጫችሁ ምንም አልሆነም፣ ክንዳችሁ ነው ያጠረው።

የሦስትዮሽ ሕግ የሚሉትን ሳላነሳ ባልፍ የሚቆጣ አይጠፋም። ፍሬሙን በቁምም በአግድምም ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ዋናውን ነገር መስመሮቹ ላይ አድርጉት ይላል። ስልካችሁ ላይ ግሪድ የምትሉት እሱ ነው። ጆን ቶማስ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ በ1797 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሲጽፍ ነው የጠቀሰው። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ሁሉን ነገር መሐል ከመሰካት ያድናል። እኔ ግን በጣም የተጋነነ ይመስለኛል። የእመቤታችን ሥዕል ቀጥ ብሎ መሐል ላይ ነው፣ ጉልበቱም ከዚያ ነው። ጉርድ ፎቶም መሐል ነው። መሐልነት ሥልጣንም ይሰጣል፣ ምርመራም ይመስላል። ወደ ጎን ስታደርጉት ሰውየው ከአካባቢው ጋር ይነጋገራል። ምን ማለት እንደፈለጋችሁ ሳታውቁ ሕጉን መከተል ትርፉ ግሪድ ማስዋብ ነው።

ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ላላቸው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከተማው ውስጥ ያሉ ባነሮች ላይ በጣም የማየው ስሕተት የሞዴሏ ዓይን ነው። ሴትየዋ በግራ ቆማ ወደ ግራ፣ ማለትም ከባነሩ ወደ ውጭ ታያለች። ዋጋውና ስልክ ቁጥሩ በቀኝ ነው። አላፊ አግዳሚው ዓይኗን ተከትሎ ጎረቤት ሱቅ ይደርሳል። ገልብጣችሁ ወደ ጽሑፉ እንድታይ አድርጓት፣ ወጪ የለውም። ፎቶውን ስትገለብጡ ቲሸርቷ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳይገለበጥ ብቻ ተጠንቀቁ። የተጠበሰ ዓሣ ስታነሱ ደግሞ ከላይ ቀጥታ አታንሱት። ከላይ ሲታይ ጠፍጣፋ ቅርጽ ነው። ተመጋቢ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሚያይበት ቁመት ስታነሱት ጥርቡ ይታያል፣ ጭሱ ይታያል። ሎሚው ወደ ተመልካቹ ቀርቦ ከተቀመጠ «የኔ ነው» ያሰኛል።

የሐይቁ ዳር ፎቶዎችስ? ከተማችን ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከዳርቻው ሆናችሁ ስታዩ ፀሐይ የምትጠልቀው በውሃው ማዶ ነው። ማታ ሰው አቁማችሁ ሐይቁን ከጀርባው ካደረጋችሁ ብርሃኑ ከኋላው ይመጣል፣ ፊቱ ጥቁር ጥላ ይሆናል። የሆቴል ማስታወቂያዎች ይህን ይወዱታል። ፊት የሌላቸው ጥንዶች የማንም ጥንዶች ናቸው፣ ተመልካቹ ራሱንና ወዳጁን ይተካባቸዋል። ለሠርግ አልበም ግን አይሆንም። የሙሽራዋ እናት የማንንም ጥንዶች ልታይ አይደለም አልበሙን የምትገልጠው። ጠዋት ውሰዷቸው። ያኔ ፀሐይ ከከተማው በኩል ፊታቸውን ታበራዋለች፣ ሐይቁም ከኋላ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ሙሽሮች በጠዋት አይገኙም የሚል ፎቶ አንሺ ካለ ጉዳዩን ከሚዜዎቹ ጋር ይጨርስ።